«ማይ ዶክመንትስ» የማን ነው?

ኮምፒዩተር ላይ ካሉት ስሞች ሁሉ «ማይ ዶክመንትስ»ን የሚያህል አሳሳች ስም ያለ አይመስለኝም። «የእኔ ሰነዶች» ማለት ነው። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ጠዋት ገብቶ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይጽፋል፣ ደብዳቤውን ያዘጋጃል፣ «ማይ ዶክመንትስ» ውስጥ ያስቀምጣል። ደብዳቤው እግሩ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን እዚያ የለም። ሌላ ፎቅ ላይ፣ አንዳንዴም ሌላ ከተማ፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን የሚያጉረመርም ሰርቨር ላይ ነው ያለው። የፎልደሩ ምልክት እንደ ድሮው ነው፣ ስሙም እንደ ድሮው ነው። አድራሻው ግን ተቀይሯል። የቀየረው ደግሞ እሱ አይደለም።

የአይቲ ሰዎች ይህን ነገር «ፎልደር ሪዳይሬክሽን» ይሉታል። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር አስተዳዳሪ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ትእዛዙ ሺህ ኮምፒዩተር ላይ ይደርሳል፤ የሺህ ሰው ፎልደር አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ሰርቨሩ ያመለክታል። ሲሰሙት ደረቅ የባለሙያ ወሬ ይመስላል። ከጀርባው ያለው ጭቅጭቅ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፦ የሰው ሥራ የት ይቀመጥ? አጠገቡ ወይስ መሃል ቤት? የሚጠብቀውስ ማን ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሃል ቤት

መጀመሪያ ላይ ጥያቄው አልነበረም፤ ያለው መሃል ቤት ብቻ ነበርና። ኮምፒዩተር የሚባለው ክፍል የሚሞላ ማሽን ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚሠራውም የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ሥራ ያለው ሰው በተበሳ ካርድ አዘጋጅቶ ያስረክባል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ መልሱን ከሰዓታት በኋላ ይወስዳል። በኅዳር 1961 በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ፈርናንዶ ኮርባቶ የተባለ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለውን ሥርዓት አሳየ። ማሽኑ ጊዜውን በጣም ትንንሽ አድርጎ ይቆራርስና ለብዙ ሰዎች ያዳርሳል። እያንዳንዱም ሰው ማሽኑ የእሱ ብቻ የሆነ ይመስለዋል።

ብዙ ሰው በአንድ ቤት ሲኖር ግን ግድግዳ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የየራሱ የፋይል ቦታ ተሰጠው፣ ቦታውንም የሚጠብቅ የይለፍ ቃል ወጣ። ዛሬ በቀን አሥሬ የምንጽፈው የይለፍ ቃል ወደ ኮምፒዩተር የገባው በዚህ ሥርዓት እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። እንግዲህ «የእኔ ፋይል» የሚለው ሐሳብ የተወለደው የጋራ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ግድግዳው ብዙም አልቆየም። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተፈቀደለት አራት ሰዓት አልበቃው አለ። የይለፍ ቃሎቹ የተቀመጡበትን ፋይል ማሽኑ እንዲያትምለት ጥያቄ አስገባ፤ ማሽኑም ያለ ምንም ማንገራገር አተመለት። ሼር ይህን ራሱ የተናገረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1966 ደግሞ የባሰ ሆነ። ሁለት የሥርዓቱ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሁለት ፋይሎችን ሲያርሙ ፋይሎቹ ተቀያየሩ። አንደኛው የዕለቱን ማስታወቂያ የያዘ ነበር፤ ሌላኛው የይለፍ ቃሎቹን። ከዚያ በኋላ የገባ ሰው ሁሉ በማስታወቂያው ፈንታ የሁሉንም ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ተቀበለው።

ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ቁም ነገር አለ። መሃል ቤት ጥበቃው ይቀላል፤ አንድ በር ነውና። ነገር ግን ያ አንድ በር ሲከፈት የሁሉም ሰው በር ነው የሚከፈተው።

የጠረጴዛው ዘመን

በነሐሴ 1981 አይ.ቢ.ኤም. ፒሲውን አወጣ። ኮምፒዩተር ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ የሰውም ሥራ አብሮት ወጣ። የመጀመሪያው ፒሲ ሃርድ ዲስክ እንኳ አልነበረውም፤ 160 ኪሎባይት የምትይዝ ፍሎፒ ነበረች። በ1983 የመጣው ኤክስ.ቲ. ግን 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚህ ዲስክ ብዙውን ቦታ ልትይዝ ትችላለች፤ በዚያን ጊዜ ግን የአንድ ቢሮ የብዙ ዓመት ደብዳቤ ይበቃት ነበር።

ይህ ነፃነት ነው። ፈቃድ የሚጠየቅ አስተዳዳሪ የለም፣ በሳምንት አራት ሰዓት የሚባል ራሽን የለም። ፋይልህ መሳቢያህ ውስጥ ነው። ችግሩም እዚያው ነው፦ መሳቢያህ ውስጥ ብቻ ነው። ዲስኩ ሲሞት ሥራው አብሮ ይሞታል። ሠራተኛው ሲታመም ደብዳቤውን የሚያገኘው የለም። የአንዱ ሪፖርት አምስት ሰው ዘንድ አምስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል።

እኛ ይህን ዘመን የምናውቀው በፍላሽ ነው። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ትክክለኛው ፋይናል» የሚሉ ፋይሎች የታጨቁበት፣ ከኢንተርኔት ቤት ቫይረስ ለቅሞ የመጣ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በመጨረሻው ሳምንት ይዞ የሚጠፋ ፍላሽ። የጠረጴዛው ዘመን ነፃነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚጠይቅ ካለ ያንን ፍላሽ ያስታውስ።

መድኃኒት ቶሎ ነው የተፈለገለት። ኖቬል የተባለው ኩባንያ በ1983 ኔትዌርን አመጣ። በቢሮው ውስጥ አንድ ማሽን ሰርቨር ይሆናል፤ ሌሎቹ በሽቦ ይያያዙታል። ሠራተኛው ኮምፒዩተሩ ላይ እንደ አዲስ ዲስክ የሚታይ አንድ ፊደል ያያል፤ ፊደሉ ግን የሚወስደው ወደ ሰርቨሩ ነው። አሪፍ ነበር፣ አንድ ጉድለት ነበረው እንጂ። ሠራተኛው ፋይሉን እዚያ ፊደል ላይ አስቀምጣለሁ ብሎ ማስታወስ አለበት። ሰው ደግሞ ይረሳል። ፕሮግራሙ ራሱ የሚመርጥለት ቦታ ካለ እዚያው ይተወዋል። ስለዚህ ሰርቨሩ ባዶ፣ ጠረጴዛው ሙሉ ሆኖ ቀረ።

ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች

ችግሩን ከሥሩ ያዩት ተማሪ የበዛባቸው ሁለት ግቢዎች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተማሪ የራሱ ጠረጴዛ የለውም። ዛሬ አንዱ ላብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ነገ ሌላው።

በግንቦት 1983 ኤም.አይ.ቲ. ከዲጂታልና ከአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያዎች ጋር «ፕሮጀክት አቴና»ን ጀመረ። እስከ 1991 ቆየ። ዓላማው ተማሪው የትኛውም ማሽን ላይ ቢቀመጥ የራሱን ፋይል እንዲያገኝ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ሎግ ኢን ሲያደርግ ኬርቤሮስ የተባለው ክፍል «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ያጣራል። ስሙ የተወሰደው በግሪክ አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ነው። ከዚያ ሄሲኦድ የተባለው፣ በጥንቱ የግሪክ ገጣሚ የተሰየመው ክፍል፣ «የዚህ ሰው ፋይሎች በዚህኛው ሰርቨር ላይ ናቸው» ይላል። ማሽኑም ያንን ያያይዛል። ተማሪው አድራሻውን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። አድራሻው መሃል ላይ ነው የተጻፈው፤ እዚያ ቢቀየር ተማሪው ሳያውቀው ይቀየራል። ፎልደር ሪዳይሬክሽን የሚባለው ነገር መንፈሱ እዚህ ውስጥ አለ። ውሻውም ቢሆን ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ዊንዶውስ ውስጥ በር ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ሁለተኛው ግቢ ካርኔጊ ሜለን ነው። ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር የሠሩት ሥርዓት «አንድሩ» ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲው የተጠራባቸው የአንድሩ ካርኔጊና የአንድሩ ሜለን የመጀመሪያ ስም ነው። እነሱ አንድ ብልሃት ጨመሩ። ፋይሉን ስትከፍተው ቅጂው ወደ ማሽንህ ይመጣል፤ ስትዘጋው የተለወጠው ወደ ሰርቨሩ ይመለሳል። ከዚያው ግቢ ማሃዴቭ ሳትያናራያናን የተባለ ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ በ1987 «ኮዳ» የተባለውን ምርምር ጀመሩ። ጥያቄያቸውን የእኛ አገር ሰው ሳይተረጎምለት ይገባዋል፦ ኔትወርኩ ሲቋረጥስ? መልሳቸው ሰውየው በቅጂው ሥራውን ይቀጥል፣ መስመሩ ሲመለስ ይታረቃል የሚል ነበር። ግን በመሃል ሁለት ሰው ያንኑ ፋይል በየፊናው ለውጦት ቢገኝስ? የማን ይጽደቅ? ለዚህ ማሽን ብቻውን ሁልጊዜ የሚፈርድበት መንገድ አልተገኘም። ዛሬም ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ምረጥ» የሚለን ለዚህ ነው።

የ10,000 ዶላር ጥያቄ

ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን ያደረጉት ተማሪያቸው እንዲመቸው ነው። ኩባንያዎች ወደዚያው የሄዱት ግን በሌላ መንገድ፣ በሒሳብ ነው። ጋርትነር የተባለው አማካሪ ድርጅት ከ1987 ጀምሮ የአንድ ፒሲ እውነተኛ ወጪ ስንት ነው ብሎ ማስላት ያዘ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ይጠቀስ የነበረው ቁጥር በዓመት ወደ 10,000 ዶላር ገደማ ነበር። የማሽኑ ዋጋ ከዚህ ትንሹ ነው። ትልቁ ክፍል የሚጠግነው፣ የሚያስተካክለው፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልገው ሰው ደሞዝና የሚባክነው ጊዜ ነው።

በመስከረም 1995 የኦራክሉ ላሪ ኤሊሰን ፓሪስ ላይ ተነስቶ ዲስክ የሌለው፣ ሁሉንም ነገር ከኔትወርክ የሚያመጣ የ500 ዶላር ኮምፒዩተር ይምጣ አለ። ሰን ኩባንያም በ1996 ጃቫስቴሽንን ይዞ ብቅ አለ። ሐሳቡ ፒሲን ከጠረጴዛ ላይ ማውረድ ነበር። ከፒሲ የሚኖረው ማይክሮሶፍት ዝም ሊል አይችልም። በዚያው በ1996 «ዜሮ አድሚኒስትሬሽን» የተባለ እቅድ አወጀ፦ ፒሲው ይቅር አትበሉ፣ ፒሲውን ከመሃል እንድታዙት እናደርጋለን።

በእጁ የነበረው መሣሪያ ሻካራ ነበር። በ1996 የወጣው ኤን.ቲ. 4 «ሮሚንግ ፕሮፋይል» የሚባል ነገር ነበረው። ሰውየው ሎግ ኢን ሲያደርግ ቅንብሩና ፋይሉ ከሰርቨር ወደ ማሽኑ ይቀዳል፤ ሲወጣ ተመልሶ ይቀዳል። ፋይሉ ትንሽ ሲሆን ጥሩ ነው። ሰው ፎቶና ትልልቅ ሰነድ ማከማቸት ሲጀምር ግን ሎግ ኢን አድርጎ፣ ቡና አስፈልቶ፣ ቶናውን ጠጥቶ ሲመለስ ማሽኑ ገና እየቀዳ ነው።

የካቲት 17 ቀን 2000 ዊንዶውስ 2000 ወጣ። ፎልደር ሪዳይሬክሽን በስሙ የመጣው ከዚህ ጋር ነው፤ አክቲቭ ዳይሬክተሪና ግሩፕ ፖሊሲ ከሚባሉት ጋር አብሮ። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ ፋይሉን ጠዋትና ማታ ከማመላለስ አድራሻውን አንድ ጊዜ መቀየር። አስተዳዳሪው በፖሊሲው ውስጥ የሰርቨሩን ስም ይጽፋል፣ የተጠቃሚው ስም የሚገባበትን ቦታ ክፍት ይተዋል። ሠራተኛው ሎግ ኢን ሲያደርግ ማሽኑ ፖሊሲውን ያነብና ሬጂስትሪ ውስጥ አዲሱን አድራሻ ይጽፋል። ከዚያ ወርድም ሆነ ኤክሴል «ሰነዶቹ የት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ የሰርቨሩ አድራሻ ነው። አስተዳዳሪው ከፈለገ በቡድንም ይከፋፍላል፤ ሒሳብ ክፍል ወደዚህ ሰርቨር፣ ሰው ኃይል ወደዚያ። ሠራተኛው ምንም ማስታወስ የለበትም። የኔትዌር ዘመን ጉድለት ተደፈነ።

የሚገርመው ነገር እዚያ ሬጂስትሪ ውስጥ የዚህ ፎልደር የውስጥ ስም «ፐርሰናል» ነው። «የግል» ማለት። የግል ከሚለው ስም ትይዩ የተጻፈው አድራሻ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ነው።

የኮዳ ጥያቄም ተከትሎ መጣ። ኔትወርኩ ሲጠፋ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ «ኦፍላይን ፋይልስ» የሚባል ቅጂ ተጨመረ። በ2001 የወጣው ኤክስፒ አቅጣጫው ለተቀየረ ፎልደር ሁሉ ቅጂውን በራሱ ይይዝ ጀመር።

ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች

አስተዳዳሪው ይህን ፖሊሲ ሲያወጣ ከፊቱ ሦስት ምርጫዎች ይመጣሉ። እኔ የዚህ ታሪክ ፖለቲካ ሁሉ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው «ለተጠቃሚው ብቻ መብት ስጥ» የሚል ነው። ከጅምሩ ምልክት ተደርጎበት ነው የሚመጣው። እንደዚያ ከተተወ ፎልደሩን የሚከፍቱት ሰውየውና ራሱ ሥርዓቱ ብቻ ናቸው፤ አስተዳዳሪው እንኳ ሊገባ ቢል «አይፈቀድም» ይባላል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን አስተዳዳሪው ምልክቱን ሊያነሳው ይችላል፤ ካላነሳውም ባለቤትነቱን ወደ ራሱ ማዞር ይችላል። ቁልፉን ባይይዝም በሩን ከነማጠፊያው መንቀል ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው «የነበሩትን ፋይሎች ወደ አዲሱ ቦታ አዛውር» ይላል። ይቺን ያዟት፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ሦስተኛው ፖሊሲው ሲነሳ ምን ይሁን የሚል ነው። ከጅምሩ የተመረጠው መልስ «ፎልደሩ በአዲሱ ቦታ ይቆይ» የሚል ነው። ማለትም ትእዛዙ ቢሻር እንኳ ፋይሉ በራሱ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሄዶ ይቀራል።

አስተዳዳሪውን ለመክሰስ አይደለም። የሰው ማሽን ተቃጥሎ ሰውየው ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሥራውን ካቆመበት ሲቀጥል ያየ ሰው ይህን ሥርዓት አይጠላም። በየሌሊቱ ባክአፕ የሚደረገው፣ የተሰረቀ ላፕቶፕ ከነሥራው የማይጠፋው በዚህ ነው። ነገር ግን ሦስቱንም ጥያቄዎች የሚመልሰው አንድ ሰው መሆኑን ልብ በሉ፤ የፋይሉ ባለቤት ደግሞ አንዱንም አይጠየቅም። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው መኖሩንም አያውቅም።

ጥቅምት 2018

በቪስታ፣ ማለትም በ2007፣ አቅጣጫቸው ሊቀየር የሚችሉ ፎልደሮች 13 ደረሱ፤ ሙዚቃ፣ ቪዲዮ፣ ዳውንሎድ ሳይቀር። በዚያው ጊዜ «ማይ» የሚለው ቃል ከፎልደሩ ስም ላይ ወደቀና «ዶክመንትስ» ብቻ ቀረ። በዊንዶውስ 7 ለአጭር ጊዜ ተመልሶ መጣ፣ ከዚያ ጠፋ። እንዲያው ሳያስቡት እውነቱን ተናገሩ።

ከዚያ ሰርቨሩ ራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ወጣ። በ2018 ማይክሮሶፍት «ኖውን ፎልደር ሙቭ» የሚባለውን ለድርጅቶች ሰጠ፤ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ ወደ ዋንድራይቭ፣ ማለትም ወደ ኩባንያው ክላውድ ይዛወራሉ። አስተዳዳሪው ከሚያወጣቸው ፖሊሲዎች አንዱ ስሙ ላይ «በዝምታ» የሚል ቃል አለበት፦ ተጠቃሚውን ሳይጠይቁ ማዛወር።

በዚያው ዓመት ጥቅምት 2 ቀን የዊንዶውስ 10 አዲስ ማሻሻያ ወጣ። ወዲያው ሰዎች ፋይላችን ጠፋ እያሉ መጮኽ ጀመሩ። በቀናት ውስጥ ማሻሻያው ታገደ። ጥቅምት 9 ቀን ኩባንያው ምክንያቱን ተናገረ። ከተጎዱት መካከል የፎልደራቸውን አቅጣጫ ወደ ሌላ ቦታ ቀይረው ፋይሎቻቸውን ግን በአሮጌው ቦታ የተዉ ሰዎች ነበሩ። ያዟት ያልኳችሁ ሁለተኛዋ ሳጥን ይህቺ ናት። ከዚያ በፊት ሰዎች «አንድ ፎልደር ሁለት ቦታ ባዶ ሆኖ ይታየናል» ብለው አቤቱታ አቅርበው ነበር። ኩባንያው ትርፉን የሚያጠፋ ኮድ ጻፈ። ኮዱ አሮጌውን ፎልደር ባዶ ነው ብሎ ከነይዘቱ ደመሰሰው።

ሪፖርቱ የመጣው ማሻሻያውን ከጫኑት ከመቶ ሳይሆን ከአሥር ሺህ አንድ ያህሉ እንደሆነ ኩባንያው ገለጸ። ኅዳር 13 ቀን ታርሞ እንደገና ወጣ። ከአሥር ሺህ አንድ ማለት በሒሳብ ትንሽ ነው። ያ አንዱ ለሆነው ሰው ግን የልጁ ፎቶ ወይም የሁለት ዓመት ጽሑፉ ነው። ነገሩ ከቁጥሩ በላይ የሚነግረን አለ። ለሰውየው ቤት ማለት ዕቃው ያለበት ቦታ ነው፤ ለማሽኑ ቤት ማለት አድራሻው የተጻፈበት ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ማሽኑ የሚያምነው አድራሻውን ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ከ1961 እስከ ዛሬ ያለውን መንገድ ስናይ ፋይሉ ከመሃል ወጥቶ ወደ ጠረጴዛ መጣ፣ ከጠረጴዛ ወደ መሃል ተመለሰ። መሃሉ ግን ያው መሃል አይደለም። ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ ሰርቨሩ ያለበትን ክፍል በእግርህ ሄደህ ታንኳኳ ነበር። የቢሮህን አስተዳዳሪ በሻይ ሰዓት ይዘህ ትለምነው ነበር። የዛሬውን መሃል ግን አታንኳኳውም። አባቶች ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያሉት ለክላውድ ባይሆንም ለእኛ ዘመን ይሠራል፤ መስመር ሲጠፋ ወይም አካውንት ሲዘጋ ላሟ እዚያው ሰማይ ላይ ናት።

ሥራ የለቀቀ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። የመጨረሻው ቀን ማታ አካውንቱ ይዘጋል። «የእኔ ሰነዶች» ውስጥ የነበረው ሲቪ፣ የልደት ፎቶ፣ በምሳ ሰዓት የተጻፈ ግጥም ሁሉ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ይቀራል። መሥሪያ ቤቱ አልሰረቀውም፤ ድሮውንም የነበረው እሱ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር አድርጉ። ዶክመንትስ የሚለው ፎልደር ላይ በቀኝ በኩል ጠቅ አድርጉና ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሎኬሽን» የሚለውን ተመልከቱ። ሲ ከሚለው ፊደል ይጀምራል? በሁለት ያዘመመ ጭረትና በሰርቨር ስም ይጀምራል? ዋንድራይቭ የሚል ቃል አለበት? ሦስቱም ኃጢአት አይደሉም፣ ብቻ እወቁት። የመሥሪያ ቤቱን ለመሥሪያ ቤቱ ተዉ፣ የራሳችሁን ግን ለብቻ አስቀምጡ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል የአገራችን ሰው። በዓለም ላይ የተጻፈ የባክአፕ መመሪያ ሁሉ ከዚህ የተሻለ አልተናገረም።